ፀሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ፦ አንድ የባሕር ዳር ካርድ ክፍል ታካሚዎቹን መልሶ እንዲያገኝ ያደረጉ ጥቂት መስመሮች

ባሕር ዳር ውስጥ ያለች አንዲት የግል ክሊኒክ የታካሚዎቿን ካርድ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ካዛወረች ቆይታለች። ፕሮግራሙ ይመዘግባል፣ ካርድ ያትማል፣ ወር ሲያልቅ ሪፖርት ያወጣል። አንድ ነገር ግን አይሆንለትም። የመዘገበውን ሰው መልሶ አያገኝም። ስም ተጽፎ «ፈልግ» ሲባል «አልተገኘም» ይላል። ታካሚዋ መስኮቱ ፊት ቆማ «ባለፈው ወር እዚሁ ታክሜ ነበር እኮ» ትላለች።

ሰልፉ ረጅም ነው። ከኋላ ያሉት ማጉረምረም ይጀምራሉ። ስለዚህ አዲስ ካርድ ይከፈታል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ሌላ። አንድ ሰው ሁለት ሦስት ካርድ ይኖረዋል፣ የምርመራ ውጤቱም በየካርዱ ይበታተናል። «ፔኒሲሊን አይስማማትም» የሚለው ማስታወሻ የቀረው አሮጌው ካርድ ላይ ነው፤ ሐኪሙ የሚከፍተው አዲሱን ነው። ይሄን ሥራ ከያዝኩት ሌላ ሥራ ሁሉ ያስቀደመብኝ ይሄ ነገር ነው።

ፕሮግራሙን መጀመሪያ የጻፈው ልጅ ሥራ ቀይሮ ከከተማ ወጥቷል። ኮዱ ግን ንጹህ ነበር። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋና ኤስኪውላይት የተባለው ዳታቤዝ፣ በአንድ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ። እኔና ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ግቢ ለልምምድ የመጣ አንድ ተማሪ ነን የገባንበት።

ካርድ ክፍሉን የሚይዙት እትዬ ገና በሩ ላይ ሳለን ጉዳዩን ነገሩን። «ልጄ፣ እኔ ፊቷን አውቃታለሁ፤ ይሄ ማሽን ግን ስሟን አያውቃትም» አሉ። ከዚያ ከመሳቢያቸው አንድ ደብተር አወጡ። በቢክ የተሰመረ ተራ ደብተር ነው። በግራ በኩል ፈልገው ያጡት አጻጻፍ፣ በቀኝ በኩል ኋላ ካርዱ የተገኘበት አጻጻፍ። ፀሀይ፣ ፀሐይ። ሃይሉ፣ ኃይሉ። አለምነሽ፣ ዓለምነሽ። ሰናይት፣ ሠናይት። ገጹ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ማንም ሳያዛቸው፣ ለራሳቸው ብለው ያጠራቀሙት ነው። የዚህ ሥራ ትልቁ ሀብት ያ ደብተር ሆነ። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ኮምፒውተሩ የሚያየው

እኛ ሞክሼ ፊደላት የምንላቸው ለኮምፒውተሩ ሞክሼ አይደሉም። ሀ ለእሱ 4608 ነው። ሐ 4624 ነው። ኀ ደግሞ 4736። ለዓለም ፊደላት ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በ3.0 እትሙ ሲያስገባ ለእያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ሰጠው። ትክክልም አድርጓል። ግዕዝ ለሚያውቅ ሰው ሠዐለና ሰአለ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱ ሥዕል መሣል ነው፣ ሌላው መለመን። ትግርኛ ተናጋሪም ሀን ከሐ፣ አን ከዐ በድምፅ ይለያል። አማርኛ ላይ ግን ድምፁ አንድ ሆኖ ፊደሉ ብዙ ቀርቷል። መዝጋቢው የሰማውን ይጽፋል፤ የሰማው ድምፅ ደግሞ የትኛውን ሆሄ እንደሚፈልግ አይነግረውም።

የተዘጋጁት መሣሪያዎች እዚህ ላይ አይረዱም። የላቲን ፊደልን ትልቅና ትንሽ ሳይለይ የሚፈልግ ነገር በየፕሮግራም ቋንቋው ውስጥ ተሠርቶ ተቀምጧል። ኤስኪውላይትም ላይክ በሚለው ትዕዛዙ ያንን በነባሪ ያደርጋል፣ ግን ለእንግሊዝኛ ፊደላት ብቻ ነው። ዩኒኮድ ኖርማላይዜሽን የሚባለውን ብትሞክሩም ሐን ወደ ሀ አይለውጥላችሁም። ሁለቱ በእሱ ዓይን የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። ይሄን ሥራ ለአማርኛ የሚሠራው የአማርኛ ፕሮግራመር ነው።

ችግሩ ስም ላይ ብቻ አልነበረም። አድራሻ የሚለውን ዓምድ ስናወጣው ከተማችን ራሷ ባሕር ዳር፣ ባህር ዳር፣ ባሕርዳር፣ ባህርዳር ተብላ ተመዝግባለች። የወር ሪፖርቱ አራት ከተማ አድርጎ ነው የሚቆጥራት። ዓባይ ማዶም አባይ ማዶም አለ። ከዘጌ በጀልባ የሚመጡት ግማሾቹ ከዑራ፣ ግማሾቹ ከኡራ ናቸው። ሐሙሲት ሃሙሲትም ናት። ጎጃምና ጐጃም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ስሙን ማረም ወይስ ፍለጋውን?

ተማሪው መጀመሪያ ያቀረበው ሐሳብ ለብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣው ነው። በአንድ ትዕዛዝ ሐውንም ኀውንም ሁሉ ሀ እናድርገው፣ ሠን ሰ እናድርገው፣ ዳታው ይጽዳ አለ። ሥራው የደቂቃዎች ነው።

አልተስማማሁም። አሁንም አልስማማም። ስም የባለቤቱ ነው። ሥላሴን በንጉሡ ሠ፣ ምሕረትን በሐመሩ ሐ የሚጽፍ ሰው አውቆ ነው የሚጽፈው። ስሙን ያወጡለት የንስሐ አባቱ ናቸው፣ የትምህርት ማስረጃውም መታወቂያውም እንደዚያው ነው። ከክሊኒክ የሚወጣ የሕክምና ማስረጃ መታወቂያው ላይ ካለው ስም በአንድ ፊደል ከተለየ ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተተው እሱ ነው። ደግሞም አንዴ ከደፈጠጥነው ወደ ኋላ መመለሻ የለም። ሀ የሆነው ሁሉ ድሮ ምን እንደነበረ ማን ያውቃል?

ሌላው ሐሳብ መዝጋቢዎቹን ማሠልጠን ነበር። አንድ ትክክለኛ አጻጻፍ ይኑር፣ ሁሉም በዚያ ይጻፍ። በሰልፍ ሰዓት ማን ደንብ እያገላበጠ ይጽፋል? ከዚህ በፊት የተመዘገቡት በሺዎች የሚቆጠሩ ስሞችስ?

የመረጥነው ሦስተኛውን ነው። ስሙ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይቀመጥ፣ አንድ ነጥብ አይነካ። ከጎኑ ደግሞ ሰው የማያየው ሌላ ጽሑፍ ይኑር፤ ሞክሼዎቹ የተዋሃዱበት፣ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል። ቁልፍ አልነው። ፀሐይ ብላችሁ መዝግቡ፣ ቁልፉ ጸሀይ ይሆናል። ጸሃይ ብላችሁ ፈልጉ፣ የፈለጋችሁት ስም ቁልፍም ጸሀይ ይሆናል። ሁለቱ ይገናኛሉ። ስክሪኑ ላይና ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ግን ፀሐይ ነው።

ፊደል የተባለው ፋይል

ደንቡን ኮድ ውስጥ አልቀበርነውም። ፊደል ብለን በሰየምነው ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ አስቀመጥነው። እያንዳንዱ መስመር ሁለት ቃል አለው። የግራው ተራ በተራ በቀኙ ይተካል። ፋይሉ በሙሉ ይኸው፦

ሐሑሒሓሔሕሖ ሀሁሂሀሄህሆ
ኀኁኂኃኄኅኆ ሀሁሂሀሄህሆ
ኹኺኻኼኽኾ ሁሂሀሄህሆ
ሃ ሀ
ሠሡሢሣሤሥሦሧ ሰሱሲሳሴስሶሷ
ዐዑዒዓዔዕዖ አኡኢአኤእኦ
ኣ አ
ፀፁፂፃፄፅፆ ጸጹጺጻጼጽጾ
ቈኰጐኈ ቆኮጎሆ

ሁለት ቦታ ላይ ቆም በሉ። አንደኛው ራብዑ ነው። በአማርኛ ሀና ሃ፣ አና ኣ በድምፅ አይለያዩም። ስለዚህ ሓም ኃም ኻም ወደ ሀ ነው የሚሄዱት። ሐን ወደ ሀ ለውጦ ሃን የረሳ ብዙ ኮድ አይቻለሁ፤ ሃይሉን ፈልጎ ኃይሉን ያገኛል፣ ሀይሉን ግን ያጣል። ሁለተኛው ኸ ነው። ግዕዙን ኸን ሆን ብለን ተውነው። ድምፁ ከሀ ይለያል። የቀሩት የኸ ዘሮች ግን ከሀ ዘሮች ጋር ይገጥማሉ።

የመጨረሻው መስመር የጎጃም ሰው የሚያውቀው ነው። ጐጃም፣ ጐንደር፣ ቈላ፣ ኰከብ ብለው የሚጽፉ አዛውንት ብዙ ናቸው። ወጣቱ ጎጃም፣ ቆላ፣ ኮከብ ይላል።

ኮዱ ራሱ አጭር ነው። ፓይተን ውስጥ ሜክትራንስ የሚባል ነገር አለ። ሁለት እኩል ርዝመት ያላቸው ጽሑፎች ትሰጡታላችሁ፣ የመተኪያ ሠንጠረዥ ይሠራላችኋል። ትራንስሌት ደግሞ ስሙን በዚያ ሠንጠረዥ ያሳልፈዋል። ፋይሉን መስመር በመስመር አንብቡ፣ መስመሩን ባዶ ቦታው ላይ ለሁለት ክፈሉ፣ ለሜክትራንስ ስጡ፣ የሚወጡትን በአንድ ሠንጠረዥ ሰብስቡ። አለቀ። የምወድለት ነገር፣ ሁለቱ ቃላት እኩል ካልሆኑ ወዲያው ስህተት ብሎ ይቆማል። አንድ ሆሄ ከረሳችሁ ዝም ብሎ አያልፋችሁም።

ፋይሉን ስትከፍቱ ግን ኢንኮዲንጉን፣ ማለትም ፊደል ወደ ባይት የሚለወጥበትን ስልት፣ ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ በግልጽ ጻፉ። ዊንዶውስ ላይ ካልነገራችሁት በብዛት የማሽኑን የቆየ ኢንኮዲንግ ይወስዳል። አማርኛው ወይ ይበላሻል ወይ ፕሮግራሙ እዚያው ይቆማል። የእናንተ ላፕቶፕ ሊኑክስ ከሆነ ደግሞ ችግሩን ቤታችሁ አታዩትም፣ ካርድ ክፍሉ ውስጥ ነው የምታዩት።

ቅርብ የተባለው ፋይል

የእትዬን ደብተር በፊደል ፋይል ስናሳልፈው አብዛኛው ተገናኘ። የቀረውን ስናየው ሌላ ዓይነት ነገር ነው። ተስፋዬና ተስፋየ። እሼቱና እሸቱ። ውብሼትና ውብሸት። ጽጌና ጥጌ።

እነዚህ ሞክሼ አይደሉም፤ የአነጋገር ጉዳይ ናቸው። ከሸ፣ ከቸ፣ ከኘ፣ ከየ፣ ከጀ፣ ከጨ ቀጥሎ የሚመጣው ግዕዝ አናባቢ ወደ ኃምሱ ያደላል። አንዱ በግዕዝ ይጽፈዋል፣ ሌላው በኃምስ። በእኛ አካባቢ ተስፋየ ብሎ መጻፍ የተለመደ ነው፣ አዲስ አበባ ያደገ ተስፋዬ ይላል። ጸን ጠ ማለትም ገጠር ውስጥ ሞልቷል። ፀሐይ ራሷ ጠሐይ ሆና ተመዝግባ አግኝተናታል።

እነዚህን ፊደል ፋይል ውስጥ አልጨመርናቸውም። ለብቻቸው ቅርብ በተባለ ሁለተኛ ፋይል አስቀመጥናቸው፦

ሼቼኜዬጄጬዤ ሸቸኘየጀጨዠ
ጸጹጺጻጼጽጾ ጠጡጢጣጤጥጦ

ይሄ የሚሠራው ከመጀመሪያው ቀጥሎ ነው፣ የሚያወጣውም ሌላ ቁልፍ ነው። በመጀመሪያው ቁልፍ የተገኙት ስሞች ከላይ ይመጣሉ። በሁለተኛው የተገኙት ከሥር፣ «ቅርብ ስሞች» ከሚል መስመር በታች።

ለምን ተለያዩ? ክሊኒክ ውስጥ ካርድ ከማጣት የሚብስ አንድ ነገር ስላለ ነው፤ የሌላ ሰው ካርድ መክፈት። ደንቡን እያላላን በሄድን ቁጥር የማይገናኙ ስሞች መገናኘት ይጀምራሉ። ስለዚህ ፕሮግራሙ አንድ ስም ብቻ ቢያገኝ እንኳ ራሱ አይከፍትም። ስሙን፣ የአባት ስሙን፣ የልደት ዓመት ግምቱን፣ ቀበሌውንና የስልኩን መጨረሻ ቁጥሮች ያሳያል። የሚመርጠው ሰው ነው። እዚህ ላይ እትዬ አንድ ነገር ጠየቁ። «የእናት ስም ጨምሩልኝ» አሉ። በስም፣ በአባት ስምና በአያት ስም ሁሉ የሚገጥሙ ሰዎች እንዳሉና «የእናትሽ ስም ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ ነገሩ ወዲያው እንደሚለይላቸው ነገሩን። ጨመርንላቸው። ከሠራነው ሁሉ ምናልባት ትልቁ ጥቅም ያለው ይሄ ነው፣ ሐሳቡም የሳቸው ነው።

ዕድሜም መነካት ነበረበት። አሮጌው ፕሮግራም ዕድሜን በተመዘገበበት ቀን እንደተነገረው ቁጥር አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ከአምስት ዓመት በፊት 30 የነበረች ሴት አሁንም 30 ናት። ከምዝገባው ዓመት ላይ ዕድሜውን ቀንሰን የልደት ዓመት ግምት አወጣን፣ ያውም በእኛ አቆጣጠር። ሰው ዓመተ ምሕረት ሲጠየቅ በእኛ ነው የሚናገረው።

ገ/፣ ወ/፣ ኃ/

ምህጻረ ቃሉ ከሁሉ በላይ አስቸገረን። ኃይለ ማርያም፣ ኃይለማርያም፣ ኃ/ማርያም፣ ሀ/ማርያም። አራቱም አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ።

የባዶ ቦታውን ነገር በቀላሉ ጨረስነው። ቁልፉ ውስጥ ባዶ ቦታ የለም። ሁለት ነጥቡ ፡ ካለም ይወጣል። አሮጌው ፕሮግራም ሙሉ ስምን በአንድ ሣጥን ስለሚያስገባ ማርያም የአባት ስም ትሁን የስሙ ክፍል ኮዱ ሊያውቅ አይችልም። ሁሉንም ማያያዙ ከዚያ ጣጣ ገላገለን።

እዝባሩ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ማዕረጎቹ መውጣት አለባቸው። ወ/ሮ፣ ወ/ሪት፣ ዶ/ር፣ አቶ፣ ቄስ፣ መሪጌታ። ሲወጡም ሙሉ ቃል ሆነው ሲገኙ ብቻ ነው፤ አለዚያ አቶ ብለን አቶምሳን እንቆርጣለን። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ወ/ሮን ሳታወጡ ወ/ን ወደ ወልደ ብትዘረዝሩ ወይዘሮዋ ወልደሮ ትሆናለች።

ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ይመጣል። ገ/ ገብረ ነው፣ ብዙ አያጠራጥርም። ተ/ ግን ተክለ ወይስ ተስፋ? ወ/ ወልደ ወይስ ወለተ? ሞክሼዎቹ ከተዋሃዱ በኋላ ሀ/ የሚለው ኃይለ ነው ወይስ ሀብተ? ኮዱ መገመት የለበትም። ሁሉንም ያውጣ። ስለዚህ አንድ ታካሚ ከአንድ በላይ ቁልፍ ሊኖረው ይችላል ብለን ወሰንን። ሀ/ማርያም ተብሎ የተመዘገበ ሰው ሀይለማርያም የሚልም ሀብተማርያም የሚልም ቁልፍ ያገኛል። በሁለቱም ብትፈልጉት ይመጣል። ካርዱን ከፍቶ የትኛው እንደሆነ የሚጠይቀው መዝጋቢው ነው።

ዳታቤዙ

ቁልፎቹን የት እናስቀምጥ የሚለው ላይ ተማሪውና እኔ ተከራከርን። ኤስኪውላይት የፓይተንን ፈንክሽን እንደራሱ አድርጎ እንዲጠራ ማድረግ ይቻላል። ክሬት ፈንክሽን የሚባለው ትዕዛዝ ነው። ፈልግ በተባለ ቁጥር በየስሙ ላይ ቁልፉን እያወጣ ያወዳድራል፣ ተጨማሪ ሠንጠረዥ አያስፈልግም። ተማሪው ይሄን ወደደው። እኔ ግን ሁለት ነገር አልተመቸኝም። ፍለጋው ስሞቹን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) እንኳ ብንሠራበት፣ ነገ አንድ ሰው ዳታቤዙን በሌላ መሣሪያ ሲከፍተው ያ ፈንክሽን እዚያ ስለሌለ ይበላሽበታል። ለሌላ ባለሙያ የሚተላለፍ ሥራ እንዲህ ባይሆን እመርጣለሁ።

ቁልፎች የሚል ለብቻው ሠንጠረዥ አደረግን። ሦስት ዓምድ ብቻ አለው። የካርድ ቁጥር፣ ቁልፍ፣ ደረጃ። ደረጃ 1 የፊደል ፋይል ውጤት ነው፣ 2 የቅርብ ፋይል። ቁልፉ ላይ ኢንዴክስ አለ። ስም ሲመዘገብ ወይም ሲታረም የዚያ ካርድ ቁልፎች ይሰረዙና እንደገና ይጻፋሉ። ፊደል ፋይሉ ከተቀየረ ደግሞ ሁሉም ከሥሩ ይገነባል።

በፊደላት መጀመሪያ ለሚደረግ ፍለጋ ላይክን ትተን ግሎብ የተባለውን ሌላ የፍለጋ ትዕዛዝ ተጠቀምን። ላይክ በነባሪ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለማይለይ ተራውን ኢንዴክስ አይጠቀምም። ግሎብ ይጠቀማል። እትዬ ሦስት ፊደል ሲጽፉ ዝርዝሩ ወዲያው ይመጣል።

ያልጠበቅነው ጥቅምም መጣ። የዩኒኮድ ቁጥሮች የሀለሐመን ተራ ይከተላሉ። ስለዚህ ዝርዝሩን በስም ስታሰልፉት ኃይሉ ከሀይሉ ርቆ ኀ ጋ ይቀመጥ ነበር። በቁልፉ ስታሰልፉት አጠገብ ለአጠገብ ይመጣሉ። የሚታተመው መዝገብ አሁን በዚያ ተራ ነው።

ግንባታው የሚሠራው በአንድ ትራንዛክሽን ነው፤ ወይ ሁሉም ያልቃል፣ ወይ ምንም እንዳልተነካ ይቀራል። በመጀመሪያው ግንባታ መሐል መብራት ሄደ። ሲመለስ ዳታቤዙ ከመጀመራችን በፊት እንደነበረ ነው፣ ግማሽ የተሠራ ነገር የለም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ትራንዛክሽን መልመድ ግዴታ ነው።

ደብተሩ ፈተና ሆነ

ኮዱን ስንቀይር የበፊቱን እንዳናበላሽ እንዴት እናውቃለን? የእትዬን ደብተር ሙሉ በሙሉ ወደ ጽሑፍ ፋይል ገለበጥነው። የሰው ሙሉ ስም ሳይሆን ነጠላ ስሞች ብቻ፣ በየመስመሩ ሁለት ሁለት። ፈተናው በየመስመሩ ያሉትን ሁለት ስሞች ቁልፍ ያወጣና አንድ መሆናቸውን ያያል።

ሁለተኛ ፋይል ደግሞ አለ፤ በፍጹም መገናኘት የሌለባቸው። ኃይሉና ኃይሌ። አበበና አበባ። ዓለሙና ዓለሜ። ይሄኛውን የጻፉልን እትዬ ናቸው፣ እያሰቡ፣ አንዳንዴም በሥራ መሐል ወረቀት እየላኩ። ተማሪው አንድ ቀን ሳድስን ሁሉ ከቁልፉ የሚያወጣ ደንብ ሞክሮ ነበር። ፈተናው ወዲያው ቀይ ሆነ። ደንቡ ተነሳ።

ፕሮግራም ለምትጽፉ የምለው ቢኖር ይሄ ነው፤ ከምትጽፉት ኮድ በፊት እንዲህ ያለውን ደብተር ፈልጉ። በየመሥሪያ ቤቱ አለ። ካርድ ክፍል፣ ገንዘብ ቤት፣ መጋዘን። ማሽኑ ያቃተውን በእጁ የሚያቃና ሰው የሆነ ቦታ መዝግቦታል።

ድርብ ካርዶቹ

የቆዩትን ካርዶች አገናኙ ብለን ለኮዱ አልሰጠነውም። ቁልፋቸው የገጠመና የልደት ዓመታቸው የተቀራረበ ካርዶችን ሁለት ሁለት አድርጎ ዝርዝር አወጣ። እትዬ ከሰዓት በኋላ ሰልፉ ሲቀል እያዩ ወሰኑ። ያልለየላቸውን ታካሚው ሲመጣ ይጠይቁታል።

ሲገናኙም የሚሰረዝ ካርድ የለም። ታካሚው እጅ ላይ ያለችው ትንሽ ወረቀት የድሮውን ቁጥር ይዛለች። አሮጌው ቁጥር ሲገባ ፕሮግራሙ ወደቀረው ካርድ ይወስዳል። ስህተት ከተገኘም መለየት ይቻላል። የአለርጂ ማስታወሻ ግን ከየትኛውም ካርድ ቢመጣ በቀይ ከላይ ይወጣል።

አብረው የሚሄዱ ጥቃቅን ቅንብሮች

የኮድ ለውጥ መከታተያውን ጊትን የምትጠቀሙ ከሆነ የአማርኛ ስም ያለው ፋይል 341 እያለ በሚጀምር የቁጥር ሰልፍ ተለውጦ አይታችሁ ይሆናል። እያንዳንዱ የአማርኛ ሆሄ በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው፣ የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም አንድ ነው፤ ጊት ያንን በስምንት ቤት ቁጥር እየጻፈ ነው። ኮር ነጥብ ኮትፓዝ የሚለውን ቅንብር ፎልስ አድርጉት። ፊደል የሚለው ስም ፊደል ሆኖ ይታያችኋል።

የኮድ መጻፊያችሁን ቅንብር የሚይዘው ኤዲተር ኮንፊግ የሚባለው ፋይል ውስጥ ካርሴት የሚለውን ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ አስቀምጡ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ከኮድ ፎንታችሁ ቀጥሎ ጨምሩ፣ መጠኑንም ከፍ አድርጉት። ኀ፣ ኃና ኅ በትንሽ ፎንት ዓይን ያታልላሉ።

ሪፖርቱ ለቢሮ የሚላከው በሲኤስቪ (ዓምዶቹ በኮማ በተለዩበት ተራ ጽሑፍ) ነው። ኤክሴል በድርብ ክሊክ ሲከፍተው አማርኛው ዝብርቅርቅ ይል ነበር። ፓይተን ሲጽፈው ኢንኮዲንጉን ዩቲኤፍ-8-ሲግ ብትሉት መጀመሪያው ላይ ምልክት ያኖራል፣ ኤክሴልም ያውቀዋል። አድራሻውንም በቁልፍ ስለምንሰበስበው ባሕር ዳር አሁን አንድ መስመር ሆናለች። የሚታተመው አጻጻፍ ደግሞ ክሊኒኩ የመረጠው ባሕር ዳር የሚለው ነው።

ያልተፈታው

ባንቻምላክና ባንቺአምላክ አይገናኙም። ይርጋዓለምና ይርጋለምም። ባንቻየሁና ባንቺአየሁም እንደዚያው። አናባቢ ሲዋጥ የፊደሎቹ ብዛት ይቀየራል፣ ፊደል በፊደል መተካት አይደርስበትም። አጠቃላይ ደንብ ሞክረን ነበር፤ መገናኘት የሌለባቸውን ስሞች ፈተና አልፏል፣ ዝርዝሩ ግን በማይመስሉ ስሞች ተሞላ። ስለዚህ ተለዋጭ የሚል ሦስተኛ ፋይል ከፈትን። በየመስመሩ ሁለት ስም፣ ሌላ ነገር የለውም። እትዬ ራሳቸው ከስክሪኑ ላይ ይጨምሩበታል። ኮዱም የአንዱን ቁልፍ ለሌላውም ይሰጠዋል፣ በደረጃ 2።

ላቦራቶሪውም ይሄንኑ ፈንክሽን ወስዷል። እዚያ ግን ቅርብም ተለዋጭም አልተከፈቱም። የናሙና ብልቃጥ ላይ በሚለጠፍ ስም ፊደል የተባለው ፋይል ብቻ ነው የሚሠራው፣ ያውም ከካርድ ቁጥሩ ጋር አብሮ ሲገጥም።